ድንኳን የሚተከልበት አደባባይ

(ለአንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ነዋሪዎችና አብረዋቸው ለሚሠሩ ወጣት ዲዛይነሮች ያደረግኩት ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ኮሚቴው ሲጠራኝ የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «በብሎኮቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ አደባባይ ልናደርገው ነው። መሃሉ ላይ ምን ዓይነት ሐውልት ይሻላል?» እኔ ደግሞ ከሐውልቱ በፊት የምጠይቃችሁ አለኝ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከላል? ክረምት ሲገባ ውሃው በየት ይወርዳል? በርበሬው እንዲደርቅ የት ይሰጣል? ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ አባቶች የት ይቀመጣሉ? ቀራፂውም፣ ሠዓሊውም፣ ድንጋይ ጠራቢውም እጃቸውን የሚያሳርፉት እነዚህ ላይ ይሁን ነው የምለው። ጥበቡ መቀመጫው ላይ፣ የውሃ መውረጃው ላይ፣ የድንኳኑ መትከያ ላይ ይግባ።

ሐውልት ጠልቼ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት 28 ሜትር ይረዝማል። ሥራው ማስታወስ ነው። ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው ተሠራ፤ ያንን ሥራውን ይሠራል። የሰፈር አደባባይ ግን ሰው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ዳቦ ይዞ፣ ልጅ ይዞ፣ ጄሪካን ይዞ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መሃል ላይ ሐውልት ሲቆም ምን እንደሚሆን በየቦታው አይተናል። መጀመሪያ ይመረቃል። ቀጥሎ ሕፃናት ይወጡበታል። ከዚያ በብረት ይታጠራል። ከዚያ «ሣሩን አትርገጡ» ይለጠፋል። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው አጥሩን ዞሮ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡ ወጣ፤ ቦታው ጠበበ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ የነዋሪው ነው።

ስለ ሰፈር አደባባይ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ኮንሶ ነው።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በእርከኑ ነው። እኔን የሚይዘኝ ከተሞቹ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ከተሞቹ ኮረብታ አናት ላይ ናቸው። ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ የድንጋይ ካብ ታጥረዋል፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ካብ ያላቸው አሉ። በውስጣቸው ሞራ የሚባል ክፍት ቦታ አለ። አንድ ከተማ አንድ ሞራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስከ 17 ሞራ ያለው ከተማ አለ። ማለትም ሞራ የየሰፈሩ አደባባይ ነው። ሰው ለስብሰባ፣ ለጨዋታ፣ ለሥርዓት ሩቅ አይሄድም።

ሞራው ላይ ፓፍታ የሚሉት ባለ ሣር ክዳን ትልቅ ቤት ይቆማል። ታቹ ክፍት ነው። ሰው እዚያ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ይመካከራል፣ ይጫወታል። ላዩ ላይ ወጣት ወንዶች ያድራሉ። ሌሊት እሳት ቢነሳ፣ ችግር ቢመጣ፣ ደራሾቹ እነሱ ናቸው። ከፓፍታው አለፍ ብሎ የትውልድ ምሰሶው አለ። በየ18 ዓመቱ ኃላፊነት ወደ አዲሱ ትውልድ ሲሸጋገር አንድ ረጅም እንጨት ከቀድሞዎቹ ጎን ይተከላል። እንጨቶቹን ቆጥሮ በ18 ማባዛት ነው፤ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይታወቃል። በሥርዓት ተፈልፍለው፣ ተጓጉዘው የሚቆሙ ድንጋዮችም አሉ።

ምሰሶው ያምራል። ግን ለማማር ብቻ አልቆመም። ዘመን ይቆጥራል፤ ተራው የማን እንደሆነ ይናገራል። ፓፍታውም እንደዚሁ ነው፤ ጥላም፣ ሸንጎም፣ የጥበቃ ቤትም ነው። ሌላው የምወደው ነገር፣ ሞራ ተሠርቶ አያልቅም። የሚቀጥለው ትውልድ የሚጨምርበት ቦታ ሁልጊዜ አለው። እኛ ግን አደባባይ ስንሠራ ሪባን ቆርጠን «ተጠናቀቀ» እንላለን። ልጆቻችን ምን ይጨምሩበት?

አንድ ነገር ግን ከሞራ አልወስድም። ፓፍታ የወንዶች ቤት ነው። በእኛ ሳይት ያንን ባዶ ቦታ ከማንም በላይ የሚጠቀሙት እናቶች ናቸው። ልብስ ያሰጣሉ፣ እህል ያበጥራሉ፣ በበጋ በርበሬ ያሰጣሉ። አሁን ሸራ አንጥፈው መኪና መቆሚያው ላይ ነው የሚያሰጡት። መኪና በገባ በወጣ ቁጥር ሸራቸውን ይሰበስባሉ፤ አቧራው በርበሬው ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጥበብ ሥራችን የበርበሬ ማስጫ ይሁን ብል አትደነቁ። ከወለሉ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ሰፊ መደብ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ጎን ላይ። ዳር ዳሩን ሰው የሚቀመጥበት። በዓል ሲሆን ልጆች መዝሙር የሚያቀርቡበት መድረክ የሚሆን። ድንጋይ ጠራቢው ከላይ የሚያወጣው ጥለት ውሃ እንዳያቋጥርና በርበሬው እንዳይሰነቀር ተደርጎ ይታሰብ። ሞያ ማለት እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

እስኪ ደግሞ ባርሴሎና ደርሰን እንመለስ።

አንቶኒ ጋውዲ የሚባል አርክቴክት ከ1900 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ኤውሴቢ ጉኤል ለተባለ ባለሀብት ኮረብታ ላይ የመኖሪያ መንደር ይሠራለት ነበር። 60 ያህል ቦታ ለሽያጭ ተሸነሸነ። ገዢ ጠፋ፤ መንደሩ ሳይሆን ቀረ። አደባባዩ ግን ተሠርቶ ነበር። ፓርክ ጉኤል ከተባለው ቦታ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ጠርዙን ተከትሎ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ባለቀለም ረጅም መቀመጫ አለው።

ፎቶው የማያሳየውን ልንገራችሁ። አደባባዩ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ሰው እንዳይወድቅ መከላከያ ያስፈልጋል። ሌላው ቢሆን ብረት ያጥርበት ነበር። ጋውዲ መከላከያውን መቀመጫ አደረገው። መቀመጫው ደግሞ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ይሄዳል። እቅፉ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ይጨዋወታሉ። ወደ ውጭ በወጣው በኩል ደግሞ ብቻውን መሆን የፈለገ ሰው ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ማንም ማንንም አይረብሽም። የእኛ የብረት አግዳሚዎች ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። አራት ሰው ከተቀመጠ ዳርና ዳር ያሉት ለማውራት አንገታቸውን ማስገግ አለባቸው። በአንድ ጠመዝማዛ መስመር የሚፈታ ነገር ነበር።

የመቀመጫውን ቀለም የሠራው ዡዜፕ ማሪያ ዡዦል ነው፤ የጋውዲ የሥራ ባልደረባ። ሴራሚኩ ስብርባሪ ነው፤ ከፋብሪካ ውዳቂ የተለቀመ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃ ግንባታው ስንት ስባሪ ታይልስ እንደሚጣል ታውቃላችሁ። ጥሬ ዕቃው ደጃችን ላይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ውሃው ነው። የአደባባዩ ወለል የተደለደለ አፈር ነው። ዝናቡ በአፈሩና ከሥሩ ባለው ድንጋይ ተጣርቶ ይሰርጋል። አደባባዩን ከታች የተሸከሙት 86 ዓምዶች ናቸው። ውሃው በዓምዶች ውስጥ እየወረደ 1,200 ሜትር ኩብ የሚይዝ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ሲሞላ፣ የተረፈው ከታች ደረጃው ላይ ባለው በዚያ ዝነኛ ባለቀለም እንሽላሊት አፍ ይወጣል። ሕፃናት የሚያቅፉት እንሽላሊት የትርፍ ውሃ ማስወጫ ነው! ቧንቧውን የደበቀ መሐንዲስ የለም። ቧንቧው ራሱ የአደባባዩ ተወዳጅ ሆነ።

እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ ክፍል መግባት ለጎብኚ በትኬት ሆኗል። ቦታው በጣም ስለተወደደ ጎብኚ በዛ። ስለዚህ አደባባያችን ለፎቶ ይመር ብላችሁ አትጀምሩ። ፎቶ የሚነሳ መጥቶ ይሄዳል። የሚኖርበት እናንተ ናችሁ።

የሲዬናን አደባባይም በአጭሩ ላንሳ። ጣሊያን ውስጥ ነው፤ የጡብ ንጣፉ በ1349 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ወለሉ በነጭ ድንጋይ መስመሮች ለ9 ተከፍሏል፤ በዚያ ዘመን ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩትን 9 ሰዎች ለማስታወስ። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘቀዝቃል። መስመሮቹ ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ የውሃ መውረጃ አለ። የከተማዋ አስተዳደርና የከተማዋ ፍሳሽ በአንድ ሥዕል ተሠሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳይታችን። አደባባዩ 600 ካሬ ነው እንበል። በ1 ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 18,000 ሊትር ውሃ መሬታችን ላይ ወረደ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 9 ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ አሁን የት ይሄዳል? ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ወዳሉት ብሎኮች ምድር ቤት። ወለሉን በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ እያደረጉ መሥራት በቂ ነው። ለእግር አይታወቅም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። ከዚያ ከየብሎኩ በር የሚነሳ አንድ ጠባብ የጥቁር ድንጋይ ቦይ ይኑር። ጥልቀቱ የአሮጊት እግር የማያደናቅፍ፣ የጋሪ ጎማ የማይዝ ይሁን። ቦዮቹ አደባባዩ ላይ ተገናኝተው ወደ ማጠራቀሚያው ይግቡ። በበጋ ሲታዩ ሥዕል ናቸው። በክረምት ሲታዩ የእያንዳንዱ ብሎክ ውሃ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ይታያል። ልጆች የወረቀት ጀልባ ይለቁባቸዋል። የተጠራቀመው ውሃ ለዛፎቹ ይሆናል።

ስለ ዛፍና ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ለወጣቶቹ ዲዛይነሮች። ከአውሮፓ የተቀዳ ሥዕል ላይ ጥላው ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ ግን ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። በበጋ ለምሳ ሰዓት የሚሆን ጥላ ከፈለጋችሁ መቀመጫው ከዛፉ በስተሰሜን ይሁን። አባቶች ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጥላ አይፈልጉም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለእነሱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ፣ ጀርባው ከነፋስ የተከለለ መቀመጫ ያስፈልጋል። መቀመጫው ከድንጋይ ብቻ አይሠራ፤ ላዩ እንጨት ይልበስ። ድንጋይ ላይ መቀመጥ ብርድ ያስገባል የሚሉ እናቶቻችን ልክ ናቸው። መደገፊያና ሲነሱ የሚይዙት እጀታም ይኑረው። ዛፉ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሰፊ ጥላ አለው፣ የአገር ዛፍ ነው። ዋርካ ግርማ አለው፤ ግን ሥሩ ቧንቧና መሠረት አጠገብ አይሆንም።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልምጣ። ብዙ የማስብበት ይህ ነው።

ለቅሶ ሲሆን ዕድሩ ድንኳን ይዞ ይመጣል። ሰርግም ሲሆን እንደዚሁ። አስፋልቱ ላይ ካስማ አይገባም። ወይ ወለሉ ይፈነቀላል፣ ወይ ገመዱ ከመኪና፣ ከግቢ በር፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ነፋስ ሲመጣ አደጋ ነው። ያዘነ ሰው እንግዳ እየተቀበለ ድንኳኑ ወደቀ አልወደቀ እያለ መጨነቅ የለበትም። አደባባይ ስንሠራ ይህንን የሚያስብልን ዲዛይነር እስካሁን ያየሁት በጣም ጥቂት ነው።

ሐሳቤ ይኸውና። የዕድሩን ድንኳን ልክ እንውሰድ። በምሰሶዎቹና በካስማዎቹ ቦታ ወለሉ ውስጥ የብረት ቱቦና ቀለበት ይቀበር። አፋቸው ከወለሉ እኩል በሆነ ክብ የብረት ክዳን ይዘጋ። ክዳኑን የሚቀርጸው አርቲስት ይሁን። አንዱ ላይ ጀበና፣ አንዱ ላይ የዋንዛ ቅጠል፣ አንዱ ላይ የብሎኩ ልጆች የሳሉት ነገር። በአዘቦት ቀን ልጆች ከክዳን ወደ ክዳን እየዘለሉ ይጫወታሉ። የሐዘን ሌሊት ደግሞ የዕድሩ ወጣቶች ባትሪ ይዘው ክዳኖቹን ይከፍታሉ፤ ድንኳኑ በቶሎ ቀጥ ይላል። ከኮንሶ የተማርነውንም እዚህ እናስገባ። ክዳኖቹን ሁሉ ዛሬ አንቅረጻቸው። ግማሾቹ ልሙጥ ይሁኑ። ከተወሰነ ዓመት በኋላ አሁን አንደኛ ክፍል ያሉት ልጆች አድገው የራሳቸውን ይጨምሩ።

ደመራም አለ። መስከረም 16 ማታ እሳቱ አስፋልት ያቀልጣል፣ ታይልስ ይሰነጥቃል። በዓመቱ ተመልሶ ይለጠፋል፤ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ለዚህ አንድ ክብ ቦታ ይለይ፤ መሃሉ አሸዋ፣ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ። በሌላው ጊዜ የሕፃናት የአሸዋ መጫወቻ ይሆናል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አብረው ሲያፈጥሩ ያ ሰፊ መደብና ከአጠገቡ ያለው የእጅ መታጠቢያ ያገለግላል። መታጠቢያው ከባርሴሎናው እንሽላሊት ባልተናነሰ እንዲታሰብበት እፈልጋለሁ። ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚነካው ነገር ነው።

የልጆቹን ነገር ሳነሳ አልዶ ፋን አይክን ሳልጠራ አላልፍም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ይሠራ የነበረ ወጣት አርክቴክት ነው። ከተማዋ ተጎሳቁላ ነበር፤ ባዶ ቦታ በየሰፈሩ ነበረ። የመጀመሪያውን የመጫወቻ ቦታ በ1947 እ.ኤ.አ. ሠራ። ሰፈርተኛው አይቶ «ለእኛም ይሠራልን» እያለ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ከ700 በላይ ተሠሩ። የተጠቀመባቸው ነገሮች በጣም ቀላል ናቸው። ሰፊ ጠርዝ ያለው የኮንክሪት የአሸዋ ክብ፣ ለመገለባበጫ የታጠፈ ብረት፣ ለመዝለያ ክብ ክብ የኮንክሪት ጉቶ። ዝሆን የለም፣ ቀጭኔ የለም። የአሸዋው ጠርዝ ለልጁ ጠረጴዛ ነው፤ ለእናቱ መቀመጫ ነው። ጉቶው ዛሬ ደሴት ነው፣ ነገ ሱቅ ነው። ልጁ ይወስናል። ፋን አይክ ከዘመኑ ሠዓሊዎች ጋር የሚውል ሰው ነበር፤ ቅርጾቹን የሚደረድረው በሠዓሊ ዓይን ነው።

የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች አስቡ። ለመቀመጫ የተሠሩ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ግን ሯጮች ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ፣ አንድ ደረጃ እየወጡ ተመልሰው ይሮጡበታል። ማንም ምልክት አልለጠፈላቸውም። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ክፍት የሆነ ነገር ሰው ራሱ ጥቅም ያገኝለታል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሁላችሁም የምታስቡት እሱን ስለሆነ። አርቲስት የሚጠራው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ቱቦው ተቀብሯል፣ ወለሉ ተነጥፏል፣ ትንሽ ብር ተርፏል፤ «አንድ ነገር ሠርተህ አቁምልን» ይባላል። እኔ የምለው የመጀመሪያው ቀን ይጠራ ነው። ከመሐንዲሱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ቦይ መሥራታችሁ አይቀርም፤ ወለል ማንጠፋችሁ አይቀርም፤ መቀመጫ መግዛታችሁ አይቀርም። ያው ወጪ ነው፤ በሰው እጅ ተጠርቦ ይውጣ። የኮብልስቶን ሥራ የሠሩ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ድንጋይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ የአገራችንን ጭቃ ቤት ወስደው ግድግዳውን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሠርተውታል። ጭቃ ነው፤ ግድግዳ ነው፤ ቤት ተሸክሞ ይቆማል።

ጥገናውንም ከአሁኑ አስቡ። በሰፈራችሁ ያለ ብረት ሠሪ ሊጠግነው የማይችል ነገር አታስገቡ። ከውጭ የመጣ ባለ መብራት ፏፏቴ ሞተሩ ሲቃጠል መለዋወጫው የለም። ድንጋይ ቢፈነቀል ግን ግንበኛ ይመልሰዋል። የሚንከባከበው ሰውም በስሙ ይታወቅ፤ ቦይ የሚጠርገው የትኛው ብሎክ እንደሆነ፣ የክዳኖቹ መክፈቻ በማን እጅ እንዳለ።

ሥዕል ከመጀመራችን በፊት ከእናንተ የምፈልገው ሥራ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው የሚቋጥርበትን ቦታ በቀለም አክብቡት። የየብሎኩ አንድ ሰው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ጥላው የት እንደሚደርስ ይመዝግብ። ልጆቹ አሁን የት እንደሚጫወቱ፣ ኳሱ የማን መስኮት እንደሚሰብር ጠይቁ። በርበሬ የሚያሰጡ እናቶች ስንት ካሬ እንደሚበቃቸው ራሳቸው ይናገሩ። የዕድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ እዚህ ካሉ ደግሞ፣ ከስብሰባው በኋላ ሜትር ይዤ መጋዘን ድረስ አብሬዎት ብሄድ ደስ ይለኛል፤ የትልቁን ድንኳን ልክ ዛሬውኑ እንውሰድ።